ከካሳራኒ እስከ ካዛንቺስ

በጥር ወር ትምህርት ሲጀመር የቅዳሜው የአማርኛ ክፍላችን ከፍተኛ ምድብ አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩት። ይህ ጽሑፍ ለዓመት መጽሐፉ ሲሰጥ አሥራ አራት ቀርተናል። የሐበሻ ልጅ ናይሮቢ ውስጥ ከክፍል ሲጠፋ ሁሉም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ "ፕሮሰሳቸው አልቆ ሄዱ" ይባላል፣ መሄጃውም ካናዳ፣ አውስትራሊያ ወይም አሜሪካ ነው። ከአምስቱ ጓደኞቻችን ግን አንዱም አየር ማረፊያ አልደረሰም። ሁለቱ ሩይሩ ገቡ፤ አንዷ ከምዊኪ ወዲያ ሄደች፤ ወንድማማቾቹ ደግሞ ካሙሉ ናቸው። የሁሉም ምክንያት የቤት ኪራይ ነው።

መምህራችን ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው የዘንድሮው ጽሑፋችሁ ይኸው ነው" አሉን። እያንዳንዳችን ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በምናልፍበት መንገድ ላይ የፈረሰውንና የተሠራውን በደብተር እንድንመዘግብ፣ ወላጆቻችንን እንድንጠይቅ፣ በእረፍት ጊዜ ደግሞ ዘመድ ያለን ሌላ ሰፈር ሄደን እንድናይ አዘዙን። ስለዚህ ይህን የጻፍነው ብዙ ሆነን ነው። "አባታችን" ስንል የአንዳችን አባት ናቸው፤ "እናታችን" ስንልም እንዲሁ። የማን እንደሆኑ አንናገርም፣ ቃል ገብተናል።

ካሳራኒን ለእናንተ መግለጽ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስታዲየሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የቻን ዋንጫ ፍጻሜ ተደርጎበት ሞሮኮ ማዳጋስካርን 3 ለ 2 ስታሸንፍ ጩኸቱ እስከ ክፍላችን በረንዳ ሳይሰማ አልቀረም። ስታዲየሙ በቻይና እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተካሄዱበት ነው፤ ከብዙዎቹ ወላጆቻችን ስደት በፊት እዚህ ነበር ማለት ነው። ሰፈሩን የለወጠው ግን ስታዲየሙ ሳይሆን መንገዱ ነው።

አባታችን በ1999 ዓ.ም. ሲመጡ የቲካ መንገድ ጠባብ ነበር። ጠዋት በ17ቢ ማታቱ ተሳፍረው ከተማ እስኪደርሱ ሁለት እንቅልፍ ይተኙ እንደነበር ይነግሩናል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 ግንባታው ተጀመረ። አቧራው ሦስት ዓመት ቆየ። በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ ሲመርቁት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ ከዳር እስከ ዳር ሰፍቶ፣ በየመገናኛው ድልድይ ተሠርቶለት ነበር። በዓመቱ ሮይሳምቡ ላይ ቲካ ሮድ ሞል ተከፈተ። በ2015 ጋርደን ሲቲ ተከተለ። "ያን ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብን" ይላሉ አባታችን፤ "መንገዱ ለእኛ የተሠራ መስሎን።"

ለእነርሱም ተሠርቷል፤ ውሸት አንናገርም። ሁለት ሰዓት የነበረው መንገድ ሠላሳ ደቂቃ ሆነ። ግን መንገድ ሲቀርብ መሬት ይወደዳል፣ መሬት ሲወደድ ደግሞ በላዩ ያለው ቤት ለባለቤቱ ያንሰዋል። ይህን በሒሳብ አየነው። እዚህ ብዙ ወላጆቻችን መጀመሪያ የገቡት "ፕሎት" በሚባለው ግቢ ውስጥ ነው። ፕሎት ማለት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ዙሪያውን ተደርድረው፣ ጣሪያቸው ማባቲ፣ መሐሉ ላይ አንድ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ የጋራ ሽንት ቤት ያለው ግቢ ነው። መሬቱ ሃምሳ ጫማ በመቶ ጫማ ነው እንበል። አሥር ክፍል አለው፣ አንዱ በ3,500 ሺሊንግ ይከራያል። ባለቤቱ በወር 35,000 ያገኛሉ። ያንን አፍርሰው ሊፍት የሌለው ባለ ስድስት ፎቅ ቢሠሩ፣ በየፎቁ ስምንት ቤድሲተር ቢያወጡ፣ አንዱን በ8,000 ቢያከራዩ 384,000 ይሆናል። ከአሥር እጥፍ በላይ። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንሠራው ከመካከላችን አንዱ "እኔም ብሆን አፈርሰው ነበር" አለ፤ ማንም አልተቃወመውም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተም ታውቃላችሁ። ኬርቴከሩ በሩን ያንኳኳል፣ ወረቀት ይሰጣል። የምትወጣው ቤት ውስጥ ያስያዝከው ገንዘብ ለቀለም ተብሎ ይቀነሳል፤ የምትገባበት ቤት ደግሞ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና ሌላ የወር ኪራይ መያዣ ይጠይቃል። የፒካፑም አለ። እናታችን "ቤት መቀየር ማለት ሦስት ወር በአንድ ቀን መክፈል ነው" ይላሉ። ተከራይን የሚከላከል ሕግ የለም እንዳይባል በኬንያ የኪራይ መቆጣጠሪያ ሕግ አለ፤ ግን የሚመለከተው ኪራያቸው በወር ከ2,500 ሺሊንግ ያልበለጠ ቤቶችን ነው። በክፍላችን በዚያ ዋጋ የሚኖር ቤተሰብ ካለ እጁን ያንሣ ብለን ጠየቅን። አንድም እጅ አልተነሣም።

የምዊኪ መንገድ በጉድጓዱ የታወቀ ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንመጣ ማታቱው ውስጥ ጭንቅላታችን ከጣሪያ ይጋጫል። የማታቱ ሾፌሮች ሥራ እስከማቆም ደርሰው ተቃውመውበታል። ከወላጆቻችን መካከል ግን ጠጠር የጫነ ካሚዮን ባዩ ቁጥር የሚሰጉ አሉ፤ ጉድጓዱ እስካሁን ኪራይ ሲያስቀንስላቸው ስለኖረ። መንገዱ አስፋልት ሲለብስ የት እንደሚሄዱ ከወዲሁ የሚያሰሉ ሰዎች ናቸው።

በደብተራችን ከተመዘገቡት ሁሉ ብዙ ያነጋገረን የአንዳችን ፎቅ በር ላይ ሱኩማና ቲማቲም የሚሸጡት ማማ ምቦጋ ነገር ነው። ፎቁ ከመሠራቱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ በነበረው ፕሎት ውስጥ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ኪባንዳቸውን የተከሉት የድሮው ቤታቸው በር በነበረበት ትይዩ ነው። አሁን የሚኖሩት ከምዊኪ መጨረሻ ወዲያ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በእግራቸው ይመጣሉ። ለምን እዚያው ሰፈራቸው እንደማይሸጡ ስንጠይቃቸው ሳቁ። "ዱቤ የሚከፍለኝን ሰው የማውቀው እዚህ ነው" አሉን በስዋሂሊ። ሱኩማውን በዱቤ የሚወስዱት ጎረቤቶቻቸው ተበትነዋል እንጂ ሥራቸው ያለው በዚሁ አካባቢ ነው፤ በዚያ ሲያልፉ ዕዳቸውን ይከፍላሉ፣ አዲስ ይወስዳሉ። እኛ ደግሞ የምንኖረው እርሳቸው ይኖሩበት በነበረው ቦታ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ ነው።

ይህን ስንጽፍ ክፍሉ ዝም አለ። ምክንያቱም እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ራሳችንን የምናየው በኪራይ እንደተገፋ ሰው ብቻ ነበር። ወላጆቻችን ከኢስሊ ተገፍተው ነው ካሳራኒ የመጡት። ሲመጡ ግን የኢስሊን ኪራይ የለመዱ፣ አንዳንዶቹም ከውጭ አገር ዘመድ ገንዘብ የሚላክላቸው ስለነበሩ የተጠየቁትን ከፈሉ። አከራዩም ይህን አይቶ በሚቀጥለው ወር ለሌላው ተከራይ ጨመረ። "ሐበሻ ይከፍላል" የሚል አባባል በሰፈራችን ደላሎች ዘንድ አለ። እንደ ምስጋና ነበር የምንሰማው።

ኢስሊ የሄድነው አጎት ያለን ሁለት ልጆች ነን። ኢስሊ ስንገባ ጆሯችን ነው መጀመሪያ የሚደነግጠው፤ ሱማልኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ስዋሂሊው፣ ጡሩምባው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከአገር የወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያረፉት እዚያ ነው። በዚያው ዓመት የሱማሌ መንግሥት ፈርሶ ሱማሌዎችም መጡ። ጋሪሳ ሎጅ የሚባል ማደሪያ ቤት ነበር፤ አልጋ የነበረባቸው ክፍሎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ በአንድ ሱቅ ሆኑ፤ ሰው አልጋው ላይ ዕቃ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር ይላሉ አጎታችን። ዛሬ ያ ሰፈር በገበያ ሕንፃ የተሞላ ነው። ኢስሊን የለወጠው ከውጭ የመጣ ሀብታም ሳይሆን ስደተኛው ራሱ ነው። ሆኖም ገበያውን በላቡ ያቆመው ሰው ሁሉ እዚያ መኖር አልቻለም። አጎታችን እዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ቤታቸው ግን ካዮሌ ነው።

ፓንጋኒን ያየነው ከማታቱ መስኮት ነው፤ ኋላ ግን ስለ ታሪኩ ብዙ አነበብን። እዚያ በከተማው አስተዳደር ሥር የነበሩ አሮጌ የኪራይ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ፈርሰው ረጃጅም ሕንፃዎች ተተክተዋል። ተከራዮቹ 48 ቤተሰቦች ነበሩ፤ ግንባታው እስኪያልቅ ለሚከራዩበት 600,000 ሺሊንግ እንዲሰጣቸውና ሲያልቅ ተመልሰው ቤት እንዲገዙ ስምምነት ተደረገ። ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ፓንጋኒ ሲፈርስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በእንግሊዞች ዘመን፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ እዚያ የነበረው የአፍሪካውያን መንደር ፈርሶ ነዋሪዎቹ ሹማምንቱ ወዳዘጋጁላቸው አዲስ ሰፈር ተወስደዋል። ያ አዲስ ሰፈር ዛሬ ሻውሪ ሞዮ ይባላል፤ በስዋሂሊ "የልብ ጉዳይ" እንደማለት ነው። በየቀኑ የማታቱ ረዳቶች ሲጠሩት እየሰማን ትርጉሙን አስበነው አናውቅም ነበር።

ኪሊማኒ የምትሠራ አክስት ያላት ጓደኛችን ደግሞ ይህን አመጣች። አክስቷ እንጀራ የሚጋግሩበት የሐበሻ ምግብ ቤት ሰፊ ግቢ ያለው የድሮ ቪላ ነው፤ በግራም በቀኝም ግን ፎቅ ከቦታል፣ ጓሮው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ጥላ ይሆናል። በእነዚያ ሰፈሮች ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ ጠበቃ ይዘው ስለ ፎቁ ከፍታ ፍርድ ቤት እንደሚሟገቱ በጋዜጣ አንብበናል። የሚሸጥም ካለ የመሬቱን ዋጋ ተቀብሎ ነው የሚወጣው። ኪቤራ ውስጥ ግን በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ከንጎንግ መንገድ ወደ ላንጋታ ለሚያልፍ መንገድ ሲባል ቡልዶዘር ሲገባ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎች ቤት አጡ፤ ትምህርት ቤቶችም ፈርሰዋል። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ ብዙም በማይራራቅ ቦታ የሆነ ነው። ልዩነቱ በእጅ ያለው ወረቀት ነው። ኪሊማኒ ያለው ሰው የባለቤትነት ካርታ አለው። ኪቤራ ያለው ሰው ያለው ደረሰኝ ነው፣ እሱም ካለ።

ለዚህ ነገር በእንግሊዝኛ አንድ ቃል አለ፤ ጄንትሪፊኬሽን ይሉታል። ሩት ግላስ የተባለች የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1964 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የሠራተኛ ሰፈሮች ቀስ በቀስ ገንዘብ ባላቸው ሰዎች ሲያዙ አይታ ያወጣችው ስም ነው። በአማርኛ ምን እንበለው ብለን ግማሽ ክፍለ ጊዜ ተከራከርን። "መልሶ ማልማት" የሚል ቃል አለ፤ እሱ ግን የሚናገረው ስለ መሬቱ ነው። ስለ ሰዎቹ የሚናገረው ቃል "የልማት ተነሺ" ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ ጻፉትና ዞረው አዩን። "ተነሺ አለ፤ አስነሺ የሚባል ሰው ግን በዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?" አሉ። አልሰማንም። ቃሉ ሰዎቹ ራሳቸው ከመቀመጫቸው ብድግ ያሉ ያስመስላል። ለካሳራኒ ደግሞ ይህም አይሆንም። እዚህ ማንም "ተነሡ" አላለም፤ ኪራዩ ጨመረ እንጂ። በመጨረሻ ቃል ሳንስማማ ደወሉ ተደወለ። እናንተ ወላጆች የተሻለ ካላችሁ ንገሩን።

"ተነሺ" የሚለውን ቃል ወላጆቻችን የሚያውቁት ከእኛ በተሻለ ነው። ቅዳሜ እኛ ክፍል ስንሆን እነርሱ በረንዳው ላይ ቡና አፍልተው ይጠብቁናል። ካለፈው ዓመት በፊት ጀምሮ በዚያ ቡና ላይ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ ወዲያው የኮሪደር ልማቱ ተጀምሮ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። እናታችን የካዛንቺስ ልጅ ናቸው። ስልኩን አራግበው፣ ምስሉን በሁለት ጣት አስፍተው "ይህ የእኛ ግንብ ነው፣ አይደለም፣ አዎ ነው" እያሉ ሲፈልጉ አይተናል። የሚያውቁት ዛፍ ቆሞ ስለነበር በእሱ ነው ቤታቸውን ያገኙት፤ ማለት ቤታቸው የነበረበትን ቦታ።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው ድርጅት በአጭሩ ኢንቺስ ይባል ነበር፤ "ካዜ ኢንቺስ" ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ፤ ብዙ ቤቶች የቀበሌ ሆኑ። የእናታችን ቤተሰብ በወር አሥራ ስምንት ብር ይከፍል ነበር። ይህን ስንሰማ ገነት መሰለን። እናታችን ግን ሳቁብን። ሁለት ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሆነው ነበር የሚኖሩት፤ ክረምት ጣሪያው ያፈሳል፤ ለማደስ ቢፈልጉ ፈቃድ የለም። ሽንት ቤቱ የስድስት አባወራ ነበር። "ሰፈሬን እወዳለሁ፣ ሽንት ቤቱን ግን አልናፍቀውም" አሉን። ይህን እንድንጽፍ ያዘዙን ራሳቸው ናቸው፤ ስለ ድሮ ሰፈር የሚጻፈው ሁሉ ሽንት ቤቱን ይዘላል ብለው።

ስለዚህ እህታቸው ገላን ጉራ በተሰጣቸው ቤት የራሳቸው ሽንት ቤትና መታጠቢያ አላቸው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ከዚያ ወደ ሥራ ለመድረስ ገና ሳይነጋ መውጣት አለባቸው፤ ካዛንቺስ ሳሉ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እኛን ያስጨነቀን ደግሞ ሌላ ነው፤ የእድሩ ነገር። እናታችን ከናይሮቢ ሆነው የካዛንቺስ እድራቸውን በእህታቸው በኩል ሲከፍሉ ኖረዋል። እድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ብርጭቆ አለው። አባላቱ አንዱ ገላን ጉራ፣ ሌላው ቦሌ አራብሳ፣ የራሳቸው ይዞታ የነበራቸው ደግሞ ምትክ ቦታ ወደተሰጣቸው ሄዱ። ድንኳኑ የት ይሂድ? በስልክ ይህን ሲነጋገሩ ሰምተናል። ለቅሶ የሚደረሰው በእግር ነው፤ ሦስት ቀን እየተመላለሱ ነው። በሁለት ታክሲ ተሳፍሮ ሌሊት ከሐዘንተኛ ጋር ማደር እንዴት ይሆናል? እድሩ እስካሁን አልተከፈለም፤ ዕቃው አንድ አባል ዘመድ ቤት ተቀምጧል፣ ወርሃዊው ክፍያም ቀጥሏል። እናታችንም መክፈላቸውን አላቆሙም።

ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። ባለ ይዞታዎች ምትክ ቦታና ካሳ አገኙ። እነዚህ ሁለቱ በዝርዝር ውስጥ አሉ። ከእነርሱ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት፣ ጓሮ ላይ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያሉት፣ ደባሎቹ ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም ነበርና ዕቃቸውን ይዘው ወጡ። ካሳራኒ ላይ እኛ ሁላችንም በዚያ ሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ነን። ማማ ምቦጋም እዚያው ናቸው። ሩይሩ የገቡት ጓደኞቻችንም። አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥት ያስነሣው ሰውም፣ እዚህ ኪራይ ያስነሣው ሰውም ካሳ የሚጠይቅበት ወረቀት ከሌለው ዕጣው አንድ ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ጽሑፍ ለክፍል ሥራ ብቻ መሆኑ የቀረው በዚህ ነው። ትምህርት ቤታችን የተከራየው ግቢ ባለ አንድ ደረጃ ቤት፣ አንድ የአቮካዶ ዛፍና አንድ ውኃ ታንከር ያለው መሆኑን ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ተርም መጀመሪያ ባለቤቱ ለኮሚቴው ደብዳቤ ላኩ፤ እስከ ሚያዝያ እንድንለቅ። ክፉ ሰው አይደሉም። በኮቪድ ጊዜ የሦስት ወር ኪራይ የተዉልን እርሳቸው ናቸው፤ ልጆቻቸው ጎልማሳ ሆነዋል፣ የራሳቸውን ፎቅ መሥራት ይፈልጋሉ። በ2027 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ እዚህ ይመጣል፣ ስታዲየሙ ቅርብ ነው አሉ። ሒሳባቸውን እኛ አስቀድመን ሰሌዳ ላይ ሠርተንላቸዋል።

ወላጆች ሁለት ቦታ አስበዋል፤ አንዱ ከምዊኪ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ርካሽ ነው፣ ሌላው ጊቱራይ አጠገብ ያለ አዳራሽ ነው። ሦስተኛ ሐሳብ ያላቸው "ትምህርቱን በስልክ እናድርገው" ይላሉ። ይህን ሐሳብ አንወደውም፤ በረንዳው ላይ የሚፈላው ቡና በስልክ አይፈላም፣ ወላጆቻችን የቤት ኪራይና የሥራ ወሬ የሚለዋወጡት እዚያ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ቤት ሲያጣ ሌላው የሚሰማው እዚያ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ሠርተናል። የናይሮቢን ምሥራቅና ሰሜን የሚያሳይ ትልቅ ካርታ አትመን ካርቶን ላይ ለጠፍን። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቤት አንድ ፒን ተከልን፤ ከትንሹ ምድብ ጀምሮ፣ የሄዱትን አምስቱንም ጨምሮ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ሁለቱ ቦታዎች የቅዳሜ ማታቱ ሒሳብ ደርሶ መልስ ስንት እንደሆነ እየጠየቅን ደመርን። ምዊኪ በኪራይ ይረክሳል፣ በትራንስፖርት ግን ሩይሩ ያሉት ሁለት መኪና ይይዛሉ። ጊቱራይ ለአዳራሹ ይበልጥ ያስከፍላል፣ በሒሳባችን ግን የሄዱት አምስቱም ተመልሰው ሊመጡበት የሚችሉት ቦታ እሱ ነው። ካሙሉ ያሉት ወንድማማቾች ሳይቀሩ፣ እናታቸው ፈቃደኛ ከሆኑ። ጠይቀናቸዋል፤ "እናንተ ቦታውን አግኙ እንጂ" አሉን።

የወላጆች ስብሰባ በጥር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ካርታው ቢሮው በር ላይ ተሰቅሏል፤ የፒኖቹ ሣጥን ከጎኑ መስኮቱ ላይ አለ። በዚህ እረፍት ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ኬርቴከሩ ወረቀት እንደሰጣችሁ መጥታችሁ ፒናችሁን አንቀሳቅሱ። ቀይዎቹ የትንሹ ምድብ ናቸው፣ ሰማያዊዎቹ የእኛ።